የማናነበው ጽሑፍ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ በፊደሉ ስለ መለየት

«ጽቡቕ» የሚለውን ቃል ትርጉም የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ፣ ቃሉ አማርኛ አለመሆኑን ግን ገና እንዳየው ይረዳል። የምታሳብቀው የመጨረሻዋ ፊደል ናት። «ቕ» በአማርኛ የፊደል ገበታ ላይ የለችም። ትግርኛ ከጉሮሮ እየተፋተገ የሚወጣ፣ ከ«ቅ» የተለየ ድምፅ አለው፤ ከግእዝ በወረሰው ገበታ ላይ ለዚህ ድምፅ የምትሆን ፊደል ስላላገኘ በ«ቀ» ላይ ምልክት ጨምሮ «ቐ»ን ከግእዝ እስከ ሳብዕ አበጀ። በዓለም ላይ ያሉ እጅግ ብዙ ቋንቋዎች የሚጻፉት እንዲህ ከሌላ ቋንቋ በወረሱት ወይም በተዋሱት ፊደል ነው፤ የተዋሱት ፊደል ደግሞ ለድምፆቻቸው ሁሉ በልክ የሚበቃው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ ማንበብ ሳንችል ቋንቋውን መለየት ስንፈልግ፣ ዓይናችን መፈለግ ያለበት ብዙዎች የሚጋሯቸውን ፊደላት ሳይሆን ቋንቋው ሲቸግረው የጨመራትን ያችን አንዲት ፊደል ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ብዙ ጊዜ የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፊደል ቋንቋ አይደለም። በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች እንዳሉ ይነገራል፤ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር የፊደል መለያ ሥርዓት የመዘገባቸው የጽሕፈት ዓይነቶች ግን፣ ዛሬ ማንም የማይጽፍባቸው ጥንታውያኑ ሳይቀሩ ተቆጥረው፣ ወደ 170 ገደማ ናቸው። አንድ የጽሕፈት ዓይነት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎችን ሊሸከም ይችላል፤ የላቲኑ ፊደል ያደረገው ይህንን ነው። በሌላ በኩል አንድ ቋንቋ በሁለት ጽሕፈት ሊጻፍ ይችላል፤ ሰርብኛ ዛሬም በሲሪሊክም በላቲንም ይጻፋል። በመሆኑም «ይህ የምን ፊደል ነው?» እና «ይህ የምን ቋንቋ ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ለየብቻቸው ይጠየቃሉ፤ የመጀመሪያው መልስ ሁለተኛውን ያጠብበዋል እንጂ ሁልጊዜ አይመልሰውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብቻውን መልስ የሚሆንባቸው ቋንቋዎች አሉ። የግሪክ፣ የጆርጂያና የአርመን ፊደላት በዋናነት የየራሳቸው ቋንቋ ስለሆኑ ፊደሉን ያወቀ ቋንቋውንም አወቀ ማለት ይቻላል። የጆርጂያው 33 ፊደላት ክብ ክብና ተጠማዛዥ ሲሆኑ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን የሚያሳይ ትልቅ ፊደል አይጠቀሙም። አርመንኛ፣ ፊደሉን በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያበጀለት ሜስሮፕ ማሽቶጽ እንደሆነ የሚታወቅ ሲሆን፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል አለው። የግእዝ ፊደል አንባቢ በአርመንኛ ፊት መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ትልልቆቹን ፊደላት በሩቁ ላየ ሰው የራሱን ፊደል ያየ ይመስለዋልና። ነገር ግን «ሀ»ን የምትመስለው የአርመን ፊደል የምትነበበው «ስ» ተብላ ነው፤ «በ»ን የምትመስለውም «ቮ» ትባላለች። የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን ምስክር እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለኝም።

ወደ ምሥራቅ እስያ ስንሄድ ሦስቱን ትልልቅ ጽሕፈቶች ለመለየት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የኮሪያው ፊደል ሃንጉል በ1443 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን የተፈጠረ ሲሆን፣ ቀጥ ካሉ ጭረቶችና ከትናንሽ ክቦች የተሠሩ ድምፆችን በአራት ማዕዘን እየሰበሰበ ክፍለ ቃል ይሠራል። ክብ በየቦታው ካየን፣ በቃላትም መካከል ክፍተት ካለ፣ ኮሪያኛ ነው። ቻይንኛ በቃላት መካከል ክፍተት አይተውም፤ ከዳር እስከ ዳር በጭረት የታጨቁ ምልክቶች ይሞሉታል። ጃፓንኛ እነዚሁኑ የቻይና ምልክቶች ይጠቀማል፤ በመካከላቸው ግን ሒራጋና የሚባሉ ቀለል ያሉ፣ በብሩሽ የተጠመዘዙ የሚመስሉ ሆሄያት ይሰገስጋል፤ የጃፓንኛ ሰዋስው ያለ እነሱ አይጻፍም። ስለዚህ አንድ ሙሉ አንቀጽ እነዚህን ቀላል ሆሄያት ካላሳየ ጃፓንኛ አይደለም ለማለት እንደፍራለን፤ አጭር ርዕስ ግን ሙሉ በሙሉ በቻይና ምልክት ሊጻፍ ስለሚችል በርዕስ ብቻ መፍረድ ያሳስታል።

ሕንድና አካባቢዋ ፊደል የበዛበት ምድር ነው። ሂንዲ፣ ማራቲና ኔፓልኛ ደቫናጋሪ በሚባለው ጽሕፈት ይጻፋሉ፤ ፊደላቱ በራሳቸው ላይ ከተዘረጋ አግድም መስመር ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ። ቤንጋልኛም መስመሩ አለው፤ ቅርጹ ግን ይበልጥ ሹልና ሦስት ማዕዘን ይበዛበታል። ጉጅራትኛ የደቫናጋሪ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ መስመሩን ጥሎታል። ወደ ደቡብ ሲወረድ ፊደላቱ ይከባሉ፤ ቴሉጉና ካናዳ የሚባሉት ሁለት ቋንቋዎች ፊደላቸው መንትያ ስለሆነ በቅርብ ሳይመረመሩ አይለዩም። ታይላንድኛና የካምቦዲያው ክመር ሁለቱም ቃላትን ሳይለያዩ ቢጽፉም፣ ክመር በየፊደሉ ራስ ላይ ጸጉር መሰል ጌጥ አለው፤ በርማኛ ደግሞ የክብ ሰልፍ ነው።

ነገሩ የሚጠናው በላቲን ፊደል ላይ ነው። የጥንት ሮማውያን ፊደላቸውን ያበጁት ለራሳቸው ቋንቋ ስለነበር «ሽ»፣ «ች»፣ «ዥ» እና «ኝ» የሚሉትን ድምፆች የሚያስጽፍ ፊደል አልነበራቸውም። ልብ እንበል፤ ግእዝም እነዚህ ድምፆች አልነበሩትም፤ አማርኛ ሲጻፍ ያጋጠመው ችግር ይኸው ነበር። አማርኛ መፍትሔውን ያገኘው በነባሩ ፊደል ላይ ምልክት በመጨመር ነው፦ ከ«ሰ» «ሸ»ን፣ ከ«ተ» «ቸ»ን፣ ከ«ዘ» «ዠ»ን፣ ከ«ነ» «ኘ»ን አወጣ። ቼኮችም ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖራቸው ወደዚያው ሐሳብ ደረሱ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለሃይማኖት ተሐድሶ አራማጁ ለያን ሁስ የሚሰጥ አንድ የአጻጻፍ መመሪያ፣ በላቲኑ ፊደል ራስ ላይ ነጥብ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ፤ ነጥቡ ቆየት ብሎ ትንሽ ወፍ የምትመስል ቅንፍ ሆነ። ዛሬ ቼክኛ ቅንፏን (የላቲኑን ፊደላት እዚህ በእንግሊዝኛ ስማቸው እንጠራቸዋለን፤ «ኤ» A፣ «ኢ» E፣ «አይ» I ናት) በ«ኤስ» ላይ ሲያደርግ «ሽ»፣ በ«ሲ» ላይ ሲያደርግ «ች»፣ በ«ዜድ» ላይ ሲያደርግ «ዥ» ይላል። በሁለት የማይተዋወቁ አገሮች የነበሩ ጸሐፍት አንድ ችግር ገጥሟቸው አንድ ዓይነት መፍትሔ ማግኘታቸው፣ ይህን ጉዳይ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ቅንፏን ከቼክኛ ስሎቫክኛ፣ ስሎቬንኛ፣ ክሮኤሽኛ፣ ሊቱዌንኛና ላትቪያኛ ስለወረሷት፣ እሷ ብቻዋን ቼክኛን አታስለይም። ቼክኛን የምታሳብቀው ቅንፍ በ«አር» ላይ ስትቀመጥ ነው፤ ከዚያ ሌላ «ዩ» በራሷ ላይ ትንሽ ቀለበት ደፍታ ከታየች ጥርጣሬ አይቀርም። ላትቪያኛ በአናባቢዎቹ ላይ አግድም ጭረት ያሰምራል፤ ሊቱዌንኛ በ«ኢ» ላይ አንዲት ነጥብ ያስቀምጣል። ፖላንዶችና ሀንጋሪዎች እንዲህ ላሉት ለብዙዎቹ ድምፆች ምልክት ከመጨመር ይልቅ ሁለት ፊደል ማጣመርን መረጡ። የሚደንቀው ፖላንድኛ «ኤስ» እና «ዜድ»ን አጣምሮ «ሽ» ሲል፣ ሀንጋሪኛ በዚያው ጥምረት «ስ» ማለቱ፣ «ሽ»ን ደግሞ በ«ኤስ» ብቻ መጻፉ ነው። ፖላንድኛን ለመለየት ወገቧ ላይ በሰያፍ የተሰረዘችውን «ኤል» መፈለግ ይበቃል፤ ሀንጋሪኛን ለመለየት «ኦ» እና «ዩ» ላይ ጎን ለጎን የተጋደሙ ሁለት ረጃጅም ሰያፍ ጭረቶች። ሁለት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ጭረት፤ ሁለት ነጥብማ ጀርመንኛም፣ ስዊድንኛም፣ ፊንላንድኛም፣ ቱርክኛም አለው።

ስፓኝኛ «ኝ»ን የሚጽፈው በራሷ ላይ ሞገድ ባላት «ኤን» ነው። ሞገዷ ጌጥ አይደለችም፤ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ድርብ «ኤን»ን ቦታ ለመቆጠብ አንዷን በሌላዋ ራስ ላይ አሳንሰው ይጽፉ ስለነበር፣ ከዚያ የተረፈች ናት። ጥያቄ ሲጀምር የተገለበጠ የጥያቄ ምልክት ካየን ደግሞ ስፓኝኛ መሆኑ ይበልጥ ይጠነክራል። ፖርቱጋልኛ ያንኑ ሞገድ ከ«ኤን» ላይ አንሥቶ በ«ኤ» እና በ«ኦ» ላይ ያደርገዋል። ጀርመንኛ ትልቋን «ቢ» የምትመስል፣ የጠነከረ «ስ»ን የምታመለክት ፊደል አላት፤ ስዊዘርላንዶች ግን በዚህች ፊደል መጠቀም ስለተዉ፣ አለመኖሯ ብቻውን ጀርመንኛነትን አያፈርስም። አይስላንድኛ በጥንት ጊዜ እንግሊዝኛም ይጽፋት የነበረችን፣ በምላስና በጥርስ መካከል የሚነፋውን ድምፅ የምትወክል ፊደል እስከ ዛሬ ጠብቋል። ቬትናምኛ በአንድ አናባቢ ላይ ሁለት ምልክት ደርቦ ስለሚጽፍ ከሩቅ ይታወቃል፤ አንዱ ምልክት የአናባቢውን ዓይነት፣ ሌላው የድምፁን ቃና ያሳያል። ሐውሳ ቀንድ ወይም መንጠቆ ያወጡ «ቢ»፣ «ዲ» እና «ኬ» አሉት፤ ዮሩባ በ«ኢ»፣ በ«ኦ» እና በ«ኤስ» ሥር ነጥብ ያደርጋል።

ቱርክኛ ለብቻው መነሣት አለበት። በኅዳር ወር 1928 እ.ኤ.አ. ቱርክ ከዐረብ ፊደል ወደ ላቲን የምትሸጋገርበትን ሕግ ስታወጣ፣ «አይ» የምትባለውን ፊደል ለሁለት ከፈለቻት፤ ነጥብ ያላት የ«ኢ» ድምፅ፣ ነጥብ የሌላት ደግሞ ወደ «እ» የምትቀርብ ድምፅ ሆነች። ስለዚህ በቱርክኛ ትልቋ ፊደልም ነጥቧን ይዛ ትቀራለች። በትንንሽ ፊደላት መካከል ራሷ የተላጨ «አይ» ካየን ወይ ቱርክኛ ነው ወይ አዘርባጃንኛ፤ ሁለቱን የምትለየው የተገለበጠች «ኢ» ናት፤ እሷ ካለች አዘርባጃንኛ ነው።

አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ሁለቱም በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ ሶማልኛ ከ1972 እ.ኤ.አ.፣ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ሁለቱም ረጅም አናባቢን በድርብ ስለሚጽፉ፣ ለተጨማሪ ምልክት ስለማይገደዱም፣ ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ። ፊደላቱ የተሸከሙት ድምፅ ግን ተለያይቷል፤ «ኤክስ» በኦሮምኛ «ጥ» ስትሆን በሶማልኛ «ሕ» ናት፤ «ሲ» በኦሮምኛ «ጭ»፣ በሶማልኛ «ዕ»። እዚህ ላይ የሚረዳን የሌለውን መፈለግ ነው። የሶማልኛ ገበታ «ፒ»፣ «ቪ» እና «ዜድ» የሉትም። «ፒ» እና «ኤች» ተጣምረው ካየን፣ ወይም ለ«ኝ» የሚሆኑት «ኤን» እና «ዋይ» ተጣምረው ከተደጋገሙ፣ ወደ ኦሮምኛ እናዘነብላለን። ማያያዣዋን ማየትም ይበጃል፤ «እና» ለማለት ሶማልኛ «ኢዮ» ይላል፣ ኦሮምኛ «ፊ»።

በሲሪሊክ ፊደል ዙሪያ ብዙ ሰው ያየውን ሁሉ ሩስኛ ማለት ይቀናዋል። ዩክሬንኛ በራሷ ላይ ሁለት ነጥብ ያላት «አይ» አለችው፤ ሩስኛ የላትም። ቤላሩስኛ በራሷ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የተሸከመች «ዋይ» መሰል ፊደል አላት። ሰርብኛ የላቲኑን «ጄ» ወደ ሲሪሊክ አስገብቷል። ቡልጋርኛ በሩስኛ ድምፅ አልባ የሆነችውን ጠንካራ ምልክት እንደ አናባቢ ስለሚጠቀምባት በየቃሉ መካከል ትገኛለች። ካዛክኛ ደግሞ ጅራትና ቅጥያ ያወጡ ፊደላት ይበዙበታል። እነዚህ ምልክቶች ለባለቤቶቻቸው ቀላል ነገር እንዳልሆኑ የሚያሳይ ታሪክ አለ፤ ዩክሬንኛ «ግ»ን የምትጽፍ ሽቅብ ቀንድ ያላት ፊደል ነበረችው። በሶቪየት ዘመን በ1933 እ.ኤ.አ. ከገበታው ተሰረዘች፤ የተመለሰችው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

የዐረብ ፊደልም ያንኑ የ«ች» እና የ«ዥ» ችግር ለፋርስኛ አስረክቧል። ዐረብኛ «ፕ»፣ «ች»፣ «ዥ» እና «ግ» ስለሌሉት፣ ፋርሶች ለሦስቱ በነባሮቹ ፊደላት ላይ ነጥቡን ሦስት አደረጉ፤ ለአራተኛው በ«ክ» ላይ አንድ ጭረት ደረቡ። ሦስት ነጥብ ከመስመር በታች ያንጠለጠለ ፊደል ባየን ጊዜ ተራ ዐረብኛ እንዳልሆነ እንጠረጥራለን። ኡርዱ የፋርስኛውን ሁሉ ወስዶ በአንዳንዱ ፊደል ራስ ላይ ትንሽ የዐረብ «ጣ» ያስቀምጣል፤ ፓሽቶ በዚያ ፈንታ ትንሽ ቀለበት ያንጠለጥላል፤ በዐረብ ፊደል የሚጻፈው ኩርድኛ ቅንፍ መሰል ምልክት አለው። ዐረብኛው ራሱ የሚታወቀው በብዙ ቃላት መነሻ ላይ ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች ነው፤ እነሱም «አል» የሚለው መስተአምር ናቸው።

ወደ ግእዝ ፊደል ስንመለስ አንድን ሐሳብ በሦስት ቋንቋ ጽፎ ማየት ይጠቅማል። «ሰውየው ወደ ቤቱ ሄደ» አማርኛ ነው፤ «እቲ ሰብኣይ ናብ ገዝኡ ከይዱ» ትግርኛ ነው፤ «ሖረ ብእሲ ውስተ ቤቱ» ግእዝ ነው። በትግርኛው ውስጥ «ቐ» አልመጣችም፤ የትግርኛነቱ ምልክት ግን «ሰብኣይ» ውስጥ ያለችው «ኣ» ናት። በአማርኛ «አ» እና «ኣ» አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ ጸሐፊው ራብዑን የሚጽፍበት ምክንያት ብዙም የለውም፤ ትግርኛ ግን ሁለቱን በድምፅ ስለሚለያቸው «ኣብ»፣ «ኣሎ»፣ «ኣይኮነን» እያለ በየመስመሩ ይጽፋታል። ግእዙ የሚታወቀው በሌለው ነገር ነው፤ አንድ ሙሉ ገጽ አንብበን «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ዠ»፣ «ጀ» እና «ጨ» ከነዘሮቻቸው አንድም ጊዜ ካልታዩ ግእዝ ሊሆን ይችላል። «ጘ» ካየን ደግሞ ከአፍንጫ የሚወጣ የራሱ ድምፅ ካላቸው ከአገው ቋንቋዎች አንዱ፣ አውንጊ፣ ኽምጣጘ ወይም ብሌን እንደሆነ እንገምታለን።

ይህን የምለው ነገሩ የዕውቀት ጨዋታ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቋንቋን የሚለዩ የኮምፒውተር መሣሪያዎች የሚሠሩት በአብዛኛው የፊደላትን ሰልፍ በመቁጠር ነው፤ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የትኞቹ ሁለትና ሦስት ፊደላት ተከታትለው እንደሚደጋገሙ ከብዙ ጽሑፍ ተምረው፣ አዲሱን ጽሑፍ ከዚያ ጋር ያመዛዝናሉ። በግእዝ ፊደል ከተጻፈው አማርኛን ብቻ የተማረ መሣሪያ ትግርኛውንም፣ ብሌኑንም፣ ግእዙንም አማርኛ ይለዋል፤ ሌላ ስም አያውቅማ። ዩኒኮድም እዚህ አይረዳውም፤ «ሀ» በአማርኛም በትግርኛም ያላት መለያ ቁጥር አንድ ነው፤ ቁጥሩ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አይናገርም። በተሳሳተ ስም የተመዘገበ ጽሑፍ ለሚፈልገው አንባቢ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ጥቂት ጽሑፍ ላላቸው ቋንቋዎች ደግሞ እያንዳንዱ የጠፋ ገጽ ይቆጠራል።

የፊደል ምስክርነት የሚሰናከልባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ብዙ ሰው በስልክ ሲጽፍ ነጥቡንና ቅንፉን ስለሚተው፣ ፖላንድኛው ያለ ሰያፍ፣ ቱርክኛው ያለ ልዩ ፊደሎቹ ይመጣል። አንድ የሰው ወይም የቦታ ስም ብቻውን ባዕድ ፊደል ይዞ በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ ልዩዋ ፊደል በተለያዩ ቃላት ውስጥ ተደጋግማ ካልታየች ፍርድ አይሰጥም። የጽሑፉ ዘመንም ይታሰባል፤ አዘርባጃንኛ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብቻ ከዐረብ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ፣ ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እንደገና ወደ ላቲን ተዛውሯል።

ልምምድ ለሚፈልግ ሰው በኤሌክትሪክ ዕቃ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው በብዙ ቋንቋ የታተመ የአጠቃቀም ወረቀት ጥሩ ነው፤ አንዱ ማስጠንቀቂያ በየአንቀጹ ይደገማልና። የሰሜን አውሮፓዎቹን አንቀጾች እንውሰድ። ሁለት ነጥብ ያላቸው «ኤ» እና «ኦ» በዝተው፣ ቃላቱ ረጃጅም ሆነው፣ አናባቢውም ተነባቢውም በየቦታው ከተደረበ ፊንላንድኛ ነው። ነጥቦቹ ኖረው «ኤ» በራሷ ላይ ቀለበት በተራ ቃላት ሁሉ ከደፋች ስዊድንኛ ነው። ቀለበቷ ኖራ «ኦ» በሰያፍ ከተሰረዘች፣ «ኤ» እና «ኢ»ም ተጣብቀው አንድ ፊደል ከሆኑ፣ ወይ ዴንማርክኛ ነው ወይ ኖርዌይኛ። ሁለቱ ፊደላቸው ፍጹም አንድ ስለሆነ ከዚህ በኋላ ገበታው የሚጨምርልን የለም፤ አንዲት ትንሽ መስተዋድድ መፈለግ ብቻ ይቀራል። ዴንማርክኛ «አፍ» እያለ በ«ኤፍ» ይጽፋታል፤ ኖርዌይኛ በ«ቪ»።